ላባ ያልሁት ሸክም

በአንድ የመታሰቢያ በዓል ላይ የሚነበብ ግጥም እንድጽፍ የተጠየቅሁት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ ብዙም ሳይቆይ ነበር። በዓሉ በኮሪያ ጦርነት ለዘመቱት የቃኘው ሻለቃ አባላት ክብር የተሰናዳ ነው። የተሰጠኝ ጊዜ ዐሥር ቀን፣ የተፈቀደልኝ ርዝመት ከአምስት ደቂቃ የማይበልጥ ንባብ፣ የተነገረኝም መመሪያ «ሞቅ ያለ ይሁን» የሚል ብቻ ነበር። ሞቅ ያለ ግጥም መጻፍ ለአማርኛ ገጣሚ ከባድ ሥራ አይደለም። ቋንቋው በዚህ በኩል ሙሉ ጎተራ አለው፤ አንበሳው አለ፣ ነብሩ አለ፣ መብረቁና ነጎድጓዱ አለ፣ የእናት ጡትና የአባት አጥንት አለ፤ እጅን ሰድዶ መዝገን ነው። እኔም ዘገንሁ። በሦስተኛው ቀን ማታ ግጥሙ አለቀ፤ የቀሩትን ሰባት ቀናት ንባቡን ስለማመድ አሳለፍሁ።

ግጥሙ ስለ አንድ ወታደር ነበር። ወታደሩ በኮሪያ ኮረብታ ላይ ሌሊቱን ሲዋጋ አድሮ፣ ጎሕ ሲቀድ የወደቀ ጓደኛውን በትከሻው አድርጎ በተኩስ መካከል ወደ ምሽጉ ይመለሳል። ቃኘዎች ሬሳ ጥለው፣ ምርኮኛ ሰጥተው እንደማያውቁ አንብቤ ስለ ነበር ታሪኩን የሠራሁት በዚያ ላይ ነው። ጓደኛውን ሲያነሣው «እንደ ላባ» አነሣው፤ ቁልቁለቱን ሲወርድም «እንደ ሚዳቋ» ወረደ። በተለይ በላባው ስንኝ እኮራ ነበር። ቤት መምታቱ ብቻ ሳይሆን ድምፁ ራሱ የቀለለ፣ ጆሮን ሳይነካ የሚያልፍ መስሎ ይሰማኝ ነበር።

በበዓሉ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከፊት ባሉት ወንበሮች አረጋውያኑ ዘማቾች ሜዳሊያቸውን በኮታቸው ላይ ደርድረው ተቀምጠዋል። አንብቤ ስጨርስ ጭብጨባው ረዘመ፤ ከኋላ እልልታ ተሰማ፤ አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ እስከ መፎከር ደረሰ። በሦስተኛው ረድፍ ግን አንድ ሽማግሌ ሁለት እጃቸውን በከዘራቸው ላይ እንዳነባበሩ ዝም ብለው ያዩኝ ነበር። በሻይ ሰዓት ወደ እኔ መጡ።

«ግጥሙን የጻፍኸው አንተ ነህ፣ ልጄ?»

«አዎን፣ አባባ።»

«የሞተ ሰው ተሸክመህ ታውቃለህ?»

በቀብር ላይ ቃሬዛ ይዤ እንደማውቅ ልናገር ቃጥቶኝ ነበር፤ ዐይናቸውን አይቼ ተውሁት። አላውቅም አልሁ።

«ላባ አይደለም» አሉኝ። ይህን ብለው ሻያቸውን ሳይጠጡ ሄዱ።

እውነቱን ልናገርና በመጀመሪያ የተሰማኝ ቁጣ ነው። ለጓደኞቼ «ሽማግሌው ዘይቤ የሚባል ነገር አያውቁም» እያልሁ ነገሩን ወደ ቀልድ ለወጥሁት። ግጥም እኮ ሚዛን አይደለም፤ ላባ የተባለው የጀግናውን ብርታት ለማሳየት እንጂ የሬሳውን ክብደት ለመለካት አይደለም፤ ይህን ሁሉ አልሁ። ይሁን እንጂ ሁለት ሳምንት ያህል ቃሉ ከጆሮዬ አልጠፋ ሲለኝ፣ በዓሉን ካሰናዱት ሰዎች አድራሻቸውን ጠይቄ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ቤታቸው በዚሁ በአዲስ አበባ፣ ሕዝቡ ዛሬም ኮሪያ ሰፈር እያለ በሚጠራው አካባቢ ነበር።

በሩን ከማንኳኳቴ በፊት ግን፣ በተለይ ለወጣቱ አንባቢ ስል፣ ስለ ዘመቻው ጥቂት ማለት ይገባኛል። ሰኔ 18 ቀን 1942 ዓ.ም. የሰሜን ኮሪያ ጦር 38ኛውን መስመር ተሻግሮ ደቡቡን ሲወርር የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባል አገሮች ርዳታ እንዲያደርጉ ጠየቀ። ዐሥራ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 1928 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው አቤት ብለው ሰሚ አጥተው ነበር። ያ ማኅበር ኢትዮጵያን ለፋሺስት ኢጣልያ ጥሎ ራሱም ፈረሰ። እንግዲህ የጋራ ደኅንነት የሚለው ቃል በዚያ ዘመን ለኢትዮጵያውያን የመጽሐፍ ቃል ሳይሆን ያልተከፈለ ዕዳ ነበር ማለት ይቻላል። መንግሥት ከክብር ዘበኛ የተመለመለ ሻለቃ ጦር ለመላክ ወሰነ። እግረኛ ጦር ወደ ኮሪያ የላከች ብቸኛዋ የአፍሪካ አገርም ኢትዮጵያ ሆነች።

ለሻለቃው የተሰጠው ስም የፈረስ ስም ነው። ቃኘው በዐድዋ የዘመቱት የራስ መኰንን የጦር ፈረስ ነበር፤ ራስ መኰንንም አባ ቃኘው ይባሉ ነበር። (በአማርኛ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚባለው እውነት ቢሆንም፣ በእኛ አገር ፈረሱ ቢያንስ ስሙን ያዋጋል።) የመጀመሪያው ቃኘው በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከጂቡቲ ጄኔራል ማክሬ በተባለች የአሜሪካ መርከብ ተሳፍሮ ከሦስት ሳምንት ያህል የባሕር ጉዞ በኋላ ፑሳን ወደብ ደረሰ። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጂመንት ጋር ተደርቦ ተዋጋ። በሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ የተመራው ሁለተኛው ቃኘው ተከተለ፤ በሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ የተመራው ሦስተኛው ደግሞ የተኩስ ማቆሙ ስምምነት እስከ ተፈረመበት እስከ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ድረስ በግንባር ቆየ። ከ120 በላይ ሞቱ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ። የምርኮ ልውውጥ ሲደረግ አንድም ኢትዮጵያዊ ምርኮኛ አልተገኘም። በፑሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብርም ዛሬ የኢትዮጵያዊ መቃብር የለም፤ የሞቱት ሁሉ ወደ አገራቸው ተመልሰዋልና፤ ያረፉትም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጽር ነው።

ይህን ሁሉ ግጥሙን ስጽፍም አውቀው ነበር። ሬሳ አልተጣለም የሚለውን ዐረፍተ ነገር አውቀው ነበር። ያላወቅሁት ዐረፍተ ነገሩ የሰው ትከሻ እንዳለው ነው።

ሽማግሌው በራቸውን ራሳቸው ከፈቱልኝ። ጋቢ ለብሰዋል። «ላባው መጣ» ብለው ወደ ጓዳ ተጣሩ፤ ባለቤታቸውም እየሳቁ ወጥተው ሰላም አሉኝ። ስሜ በዚያ ቤት ላባው ሆኖ ነበር ማለት ነው። ቡና ተፈላ። የመጀመሪያው ስኒ እስኪጠጣ ድረስ ስለ ኮሪያ አንድም ቃል አልተነሣም፤ የተጠየቅሁት ስለ አባቴ፣ ስለ እናቴ፣ ስለ ትዳሬ ነው። ከዚያ እማማ ለሁለተኛው ውኃ ሊጨምሩ ወደ ጓዳ ሲገቡ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያለ ምንም መግቢያ ጀመሩልኝ።

በሦስተኛው ቃኘው ተራ ወታደር ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ሃያ አንድ። በግንቦት 1945 ዓ.ም. አንድ ማታ ለቅኝት ከምሽጉ ወጥተው ወደ ሸለቆው ወረዱ። ከጎናቸው የነበረው ወታደር የአንድ ወረዳ ልጅ፣ አብሯቸው የተቀጠረ፣ በመርከቧ ላይ ባሕሩ ሲያስታውካቸው ግንባራቸውን የያዘላቸው ሰው ነው። የጠላት ጦር ከሦስት ወገን መጣ። ስለ ተኩሱ ብዙም አልነገሩኝም፤ «ተኩስ ተኩስ ነው» አሉ። የነገሩኝ ስለ ውኃው ነው።

«ፍንጣሪ ሆዱን አገኘው። ወዲያው አልሞተም። ውኃ አለኝ። ኮዳው በወገቤ ላይ ነበር። መካከላችን የዚህ ቤት ስፋት ቢሆን ነው። ውኃ አለኝ፣ ስሜን እየጠራ። እኔ ጕድጓዴ ውስጥ ነኝ። እጄን አዝዘዋለሁ፣ አይታዘዝም። እግሬን አዝዘዋለሁ፣ አይታዘዝም። ሱሪዬ ረጥቧል፤ ይህንም ጻፈው ከፈለግህ። ብዙ ጊዜ ጠራኝ። ከዚያ መጥራቱን ተወ።»

የራሳችን መድፍ ደርሶ የጠላት ተኩስ ጋብ ሲል ወደ እሱ ተሳቡ። ሞቷል። አዛዡ ወደ ምሽግ መመለስን አዘዘ፤ ማንም ሳያዝዛቸው ጓደኛቸውን አነሡ። ጓደኛቸው ከእሳቸው የገዘፈ ነበር። ቁልቁለቱ ጭቃ ነው፤ ቀጥሎ ዳገት አለ። ተኩሱም ፈጽሞ አልቆመም።

«ሦስት ጊዜ ጣልሁት» አሉኝ። «የሞተ ሰው አይረዳህም። ሕያው ሰው ስትሸከም አንገትህን ይይዝልሃል፣ ክብደቱን ያስማማልሃል። የሞተ ሰው ይፈስሳል። መጀመሪያ ስጥለው ‘ይቅር በለኝ’ አልሁት። ሁለተኛም ስጥለው ‘ይቅር በለኝ’ አልሁት። በሦስተኛው አጠገቡ ተቀምጬ አለቀስሁ። ጎሑ እየቀደደ ነው፤ ከዚያ በላይ ብቀመጥ ሁለታችንም እዚያው መቅረታችን ነው። ደግሞ አነሣሁት።»

ለዚያ ሌሊት ሜዳሊያ ተሰጥቷቸዋል። በሽልማቱ ወቅት የተነበበው ቃል በተኩስ መካከል የጓደኛቸውን አስከሬን ማምጣታቸውን የሚገልጽ ነበር፤ ሐሰት የለበትም። «ሜዳሊያውን የሰጡኝ ለሸክሙ ነው። ስለ ውኃው የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉ። አገር ቤት ተመልሰው የጓደኛቸውን እናት ሊያስተዛዝኑ በሄዱ ጊዜ ግን አንድ ሰው ጠየቃቸው፤ እናቲቱ ራሳቸው። «ልጄ ሲሞት ጠማው ወይ?» አሏቸው። ያቺ እናት ይህን ጥያቄ ከየት እንዳመጡት ሽማግሌው እስከ ዕለተ ሞታቸው አልገባቸውም። «በእጄ ውኃ ጠጥቶ ነው የሞተው፣ እናቴ» ብለው መለሱ። እናቲቱም እጃቸውን ሳሙት።

በዚህ ጊዜ እማማ ውኃውን ይዘው ከጓዳ ተመለሱ፤ ወሬው ወደ ቡናው ዞረ።

ስወጣ እስከ በር ሸኙኝ። «ከእኔ በኋላ ጻፈው፤ ስሜንም የሱንም ስም አታንሣ። ግን ላባ አትበል» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት ያህል በየጊዜው እሄድ ነበር። ስለ ውኃው ሁለተኛ አላነሡትም።

ቤቴ ገብቼ በዚያ ሌሊት ያሰብሁት ስለ ፉከራ ነው። እኛ የዛሬ ገጣሚዎች ጀግናን ስናወድስ የአባቶቻችንን ባህል የምንከተል ይመስለናል። እኔ ግን እየቆየሁ ስመለከተው ባህሉን ገልብጠነዋል እላለሁ። በቀድሞው ሥርዐት የሚፎክረው ዘማቹ ራሱ ነው። ከጦርነት መልስ በአለቃው ፊት ቆሞ፣ ጦሩን እየነቀነቀ፣ ያደረገውን በገዛ አፉ ይዘረዝራል። ድርሰቱ ማጋነን አለበት፤ ይሁን እንጂ በዙሪያው የተቀመጡት አብረውት የዋሉ ናቸው፤ ያልሠራውን ሠራሁ ቢል የት እንደ ነበረ የሚያውቁ ሰዎች ፊት ነው የሚያፍረው። ፉከራው ምስክር ነበረው ማለት ነው። ገጣሚው ብዕር ይዞ በዘማቹ ቦታ ከቆመ ወዲህ ግን ማን ያርመዋል? እኔ በዚያ አዳራሽ ሳነብ ያላየሁትን ኮረብታ፣ ያልተሸከምሁትን ሸክም በሌላ ሰው ስም ፎከርሁ። ከሦስተኛው ረድፍ ያዩኝ የነበሩት ሽማግሌ ባህሉ የሚያዝዘውን ምስክርነት ነበር የሰጡት፤ እኔ ግን ዘይቤ አይገባቸውም አልሁ።

አንድ አሜሪካዊ የጦር ታሪክ ጸሐፊ፣ ብርጋዴር ጄኔራል ማርሻል፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ፖርክ ቾፕ ሂል የተባለውን ኮረብታ በርእስነት ይዞ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ለኢትዮጵያውያን ቃፊሮች ምዕራፎች ሰጥቷል። ሰውየው የታወቀበት የአሠራር ስልት ከውጊያው የወጡትን ወታደሮች ሰብስቦ ማን የት እንደ ነበረ፣ ማን ምን እንዳየ አንድ በአንድ መጠየቅ ነው። በሌሎች ሥራዎቹ ያቀረባቸው አኃዞች በታሪክ ምሁራን ዘንድ ብዙ ክርክር አስነሥተዋል፤ ነገር ግን አንድ እንግዳ ሰው የእኛን ወታደሮች ቁጭ ብሎ ሲጠይቅ፣ እኔ የአገሬውን ሰው በአንድ ከተማ እየኖርሁ ሳልጠይቅ ግጥም መጻፌ አሁንም ያሳፍረኛል።

በመዝገብ የሰፈረ ጀግንነት ያነሰን ሆኖም አይደለም። በዚያው በግንቦት 1945 ዓ.ም. ምክትል መቶ አለቃ ማሞ ሀብተ ወልድ ዐሥራ አራት ኢትዮጵያውያንና አንድ አሜሪካዊ ያሉበትን ቃፊር ይዞ ወጥቶ ሦስት መቶ በሚያህል የቻይና ጦር ተከበበ። አራቱ ሞቱ፤ የቀሩት ቆሰሉ፤ የሬዲዮ መገናኛዎቹ ተበላሹ። ማሞ በዚያ እሳት መካከል የሚሠራ ሬዲዮ አግኝቶ የመድፍ ርዳታ እስኪጠራ ድረስ ያን ስፍራ አለቀቀም። ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ከፍተኛውን የጀግንነት ሜዳሊያ፣ ከአሜሪካ ደግሞ የብር ኮከብ ተሸለመ። ይህ ታሪክ እንዲህ በደረቁ ሲነገር አንድም አንበሳ የለበትም። ሬዲዮ ነው ያለበት። የተበላሸ ሬዲዮና የሚሠራ ሬዲዮ። እኔ ብሆን ኖሮ ሬዲዮውን አውጥቼ መብረቅ አገባበት ነበር።

ክብር የሚሰጠው መንግሥት ነው፣ የሚነሣውም እንደዚያው። የቃኘው ዘማቾች ሲመለሱ በሆታ ተቀበሏቸው። ከዚያ የመጣው ነገር ግን ብዙ ነው። በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1953 የኮሪያ ተኩስ የቆመበት ዓመት ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ 1953 ክብር ዘበኛ የታኅሣሡን ሙከራ አድርጎ የተበተነበት ዓመት ነው። ከኮሪያ ተርፈው በአዲስ አበባ ጎዳና የሞቱ ነበሩ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላም አዲሱ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅነት መሠረተ፤ የኮሪያ ዘማች መሆን የማይነገር ነገር ሆነ። እኒህ ሽማግሌ ሜዳሊያቸውን በጨርቅ ጠቅልለው በርበሬ ማሰሮ ውስጥ ቀብረውት ዐሥራ ሰባት ዓመት እንደ ኖሩ የነገሩኝ እየሳቁ ነው፤ «አሁንም ሲሸተት ያስነጥሳል» ይሉ ነበር። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የተመረቀው የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ የተሠራ ነው። ሐውልቱ በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በምሥራቅ ግንባር ለወደቁት መታሰቢያ ነውና በነዚያ ሙታን ላይ አንዳች ቅሬታ የለኝም። ግን አስቡት፤ ሰሜን ኮሪያን ተዋግቶ የመጣው ሰው ሜዳሊያውን በበርበሬ ውስጥ ደብቆ፣ ሰሜን ኮሪያውያን ለሌላው ዘማች በሚያቆሙት ሐውልት ሥር ወደ ሥራው ሲያልፍ። ለቃኘዎች ቀድሞ ሐውልት ያቆመችላቸው ባዕድ አገር ናት፤ በደቡብ ኮሪያ በቹንቾን ከተማ የተሠራው ሐውልት በግንቦት 1960 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ተመርቋል። ዛሬ በአፍንጮ በር አካባቢም መታሰቢያ አላቸው። ሽማግሌውን አንድ ቀን አብሬያቸው ወደዚያ ሄጄ ነበር። ጓደኛቸውን ፈልገው አገኙት፤ ከዘራቸውን ለእኔ ሰጥተው ለረጅም ጊዜ ቆሙ።

ስንመለስ፣ ለመሆኑ የሞታችሁለት ኮረብታ አሁን በማን እጅ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ፖርክ ቾፕ የተባለው ኮረብታ ስምምነቱ ሊፈረም ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በሐምሌ 1945 መጀመሪያ፣ በአሜሪካኖቹ ትእዛዝ መለቀቁን አንብቤ ነበር፤ እሳቸውም ያውቃሉ። «ኮረብታ አምጥተን አልመጣንም፤ ሰዎቻችንን ነው ያመጣን» አሉኝ፤ ታክሲ ፍለጋም ዐይናቸውን ወደ መንገዱ መለሱ።

ከእሳቸው ሞት በኋላ ነገሩን በግጥም ልጽፈው ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም። የአማርኛ ስንኝ ሲወጣ ይፎክራል፣ ሲወርድ ያለቅሳል፤ ኮዳውን በወገቡ ይዞ መንቀሳቀስ ስላቃተው ወጣት የሚናገርበት መካከለኛ ድምፅ ከእጄ አልገባም አለ። ምናልባት የእኔ ድክመት ይሆናል። በዚህ መካከል በኅዳርና በጥቅምት፣ በክረምትና በበጋ፣ በገዛ ምድራችን ላይ የወንድማማቾች ደም የፈሰሰባቸው ዓመታት መጡ። ሞቅ ያለ ግጥም የሚጠይቁኝ ሰዎች እንደ ገና በሬን ያንኳኩ ጀመር። ጽፌም እንቢ ብዬም አውቃለሁ። የጻፍኋቸውን ዛሬ አላነባቸውም።

በመጨረሻ ያደረግሁት አጭር ተውኔት መጻፍ ነው፤ ባለ አንድ ገቢር፣ ሁለት ተዋንያን፣ አንድ ኮዳ። በልምምድ ጊዜ የገጠመን ችግር ሽማግሌው በትክክል የነገሩኝ ነበር። ሟቹን የሚጫወተው ተዋናይ ሳያውቀው ተሸካሚውን ይረዳዋል፤ አንገቱን ይይዛል፣ ወገቡን ያጠነክራል። ስለዚህ ሸክሙ ያማረ፣ የቀለለ ሆነ፤ እውነትም ላባ። ፈጽመህ ልቀቅ፣ ፍሰስ አልሁት። ሲለቅ፣ ያ ጕልበታም ወጣት ተሸካሚ መድረኩን ግማሽ ሳያቋርጥ ጣለው። ደግሞ አነሣው፣ ደግሞ ጣለው። እንዲለማመዱት አልፈቀድሁም፤ ክብደቱን ከለመዱት ያምርባቸዋል ብዬ ፈራሁ። ጀግንነቱን እኔ የማየው እዚያ ላይ ነው፤ ውኃውን ያላቀበለው እጅ፣ ያን ማታ አልታዘዝም ብሎ ያደረው እጅ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ሲያነሣ።

ተውኔቱ በአንዲት ትንሽ አዳራሽ ታየ። በመጀመሪያው ማታ ተሸካሚው ሟቹን ሲጥለው ከተመልካቹ መካከል የሳቁ ነበሩ። በሁለተኛው ጊዜ የሳቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። በሦስተኛው ማንም አልሳቀም፤ ተዋናዩ ተቀምጦ ሲያለቅስ የወንበሮቹ መንቋቋት እንኳ ቆሞ ነበር።

እማማን ጋብዣቸው ነበር። ጥቁር ነጠላቸውን ተከናንበው በፊተኛው ረድፍ ተቀመጡ። ስለ ውኃው ከባለቤታቸው ሰምተው ይሁን አይሁን አላውቅም ነበር፤ ሳልጠይቃቸው መጋበዜ ድፍረት ይሁን ፍርሀት እኔንም ግራ ገብቶኝ ነበር። ኮዳው በመድረኩ ላይ ሲታይ ፊታቸውን ለማየት ከመጋረጃው ጎን ቆምሁ፤ ነጠላቸው ሸፍኖት አልታየኝም። ሲያልቅ ሕዝቡ እስኪወጣ ጠበቁኝ። ጕንጬን ሳሙኝ። ስለ ኮዳው ምንም አላሉም።

«በቀኝ ትከሻው ነበር» አሉኝ። «ይህ ልጅ በግራው ነው የተሸከመው። እሱ ቀኙን ነበር እስኪሞት የሚያመው፤ ብርድ ሲሆን እኔ ነኝ የማሸው።»

ቀኝና ግራውን ለሦስት ዓመት ስሄድ አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም ነበር። ወደ ቤታቸው ካደረስኋቸው በኋላ ለተዋናዩ ስልክ ደወልሁ። በማግስቱ ማታ በቀኙ ተሸከመው።